በዕድሜ ከገፉ በኋላ ዩኒቨርስቲ ስለ መለወጥ
በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪ ያደረገችው ንግግር



 የምናገረው ዕድሜው የገፋ ሰው ዩኒቨርስቲ ለውጦ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሲማር ስለሚገጥመው ነገር ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ በአዲስ አበባ ሁለት ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማርሁ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄጄ በቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት በሥራ ቆየሁና፥ የ36 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ሳለሁ ወደ ትምህርት ተመለስሁ።

በአሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ከዚህም 60 ያህሉን የሁለት ዓመት ትምህርት በሚሰጥ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በአነስተኛ ክፍያ ተምሮ ወደ ዩኒቨርስቲ መዛወር ይቻላል። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርስቲ መካከል በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አድቫንስ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዕድሜው 24 ዓመት የሞላ ተማሪ የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ርዳታ ሲጠይቅ የወላጆቹ ገቢ አይታሰብበትም።

ነገር ግን የተማሩት ሁሉ አብሮ አይዛወርም። ከሒሳብ አያያዝ ትምህርቶቼ ብዙዎቹ ለአዲሱ ሙያ አልተቆጠሩልኝም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርቶች ደግሞ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ካልኩለስ ሳያልፉ ሁለተኛውን መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ አንዲት ትምህርት ሳትቆጠር ብትቀር የምረቃውን ቀን በአንድ ዓመት ልታርቀው ትችላለች። ልጆች ለሚያሳድግና የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ደግሞ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፥ የትኛው ትምህርት እንደሚቆጠር ከመዛወር አስቀድሞ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

አንድ ቀን መምህራችን፥ በፊደል ተራ ከተደረደሩ 1,000,000 ስሞች አንዱን ለማግኘት ስንት ጊዜ ማየት እንደሚበቃ ጠየቁን። በየጊዜው መካከለኛውን እያዩ፥ የማይፈለገውን ግማሽ እየተዉ ቢሄዱ 20 ጊዜ ይበቃል፤ 20 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 1,048,576 ይሆናሉና። ልጆቼን በዕድሜ በሚያክሉ ወጣቶች መካከል ተቀምጬ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ፤ ሎጋሪዝምን በዚህ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁና። ያ ትምህርት በማናቸውም ወረቀት ላይ ክሬዲት ሆኖ አልተጻፈልኝም፤ ሆኖም ከእኔ ጋራ ተዛውሮ ነበር።

የዕድሜ ነገርም ቢሆን ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ግሬስ ሆፐር የሒሳብ መምህርት ነበሩ። በ1943 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ሲገቡ 37 ዓመታቸው ነበር፤ በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ በማርክ አንድ ኮምፒዩተር መሥራት የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በ41 ዓመቴ ተመርቄ በሙያው እየሠራሁ እገኛለሁ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፥ ዛሬ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሒሳብ ለፈተና ብቻ አትያዙት። እናንተም ወላጆች፥ ልጆቻችሁን ስታስጠኑ የራሳችሁን ያቋረጣችሁትን ትምህርት አስታውሱ፤ በሩ ገና አልተዘጋምና።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!