ጣሳው ስንት ቀን ይበቃል?

የዱቄት ወተት ስለሚጠጡ ሕፃናት የሆድ ድርቀትና መነፋት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ችግኝና ስለ ቁጠባ በሚመከርበት ጉባኤ መካከል የጨቅላ ሕፃን ሆድ ጉዳይ መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ሰበካው የሚያውቀው ሕፃን ነው። እናቱ በወሊድ ያረፈችበት፣ ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት ልታጠባው ያልቻለች፣ ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ለአያቱ የተወችው፣ አንዳንድ ጊዜም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነው። ወተቱን ለመግዛት እጁን የሚዘረጋው ሰበካው ነው። አያቲቱም «አባ፣ የልጁ ሆድ ደርቆብኛል፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል» ብላ አስቀድማ የምትነግረው ለነፍስ አባቷ ነው። ስለዚህ ካህኑና ኮሚቴው ለዚህች ሴት የሚሰጡት መልስ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ንግግር ላስጨብጣችሁ የምወደው ነገር አንድ ነው። የሕፃኑ ሆድ ሲታወክ ከሁሉ አስቀድሞ የወተቱ ልክ ይጠየቅ። ልኩ ከተዛባ ደግሞ የጣሳው ቁጥር ይጠየቅ።

ከዚያ በፊት ግን መሠረቱን እናጽና። የእናት ጡት ወተት ምትክ የለውም። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም በኋላ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመከራል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት እንኳ መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ በአገራችን ይመከራል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ሕግጋት ያጸደቀው፣ የዱቄት ወተት ያለ ልክ መስፋፋት በሕፃናት ሕይወት ላይ ያደረሰው ጉዳት ስለታየ ነው። ስለሆነም ሰበካ የዱቄት ወተት እንደ ስንዴ ለሁሉም የሚያድል መሆን አይገባውም። ንግግሬ የሚመለከተው የጤና ባለሙያ አይቶ «ለዚህ ሕፃን ሌላ አማራጭ የለም» ያለለትን ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንመለስ። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ዓይነ ምድር ጡት ከሚጠባው ሕፃን ይልቅ ወፈር ያለ ነው፤ የሚወጣበትም ጊዜ ሊራራቅ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ቀን መዝለሉ ብቻውን ድርቀት አይባልም። ድርቀት የሚባለው ዓይነ ምድሩ እንደ በግ በጠጥ ደርቆና ጠጥሮ፣ ሕፃኑን እያሳመመ ሲወጣ ነው። ብዙ ጨቅላዎች ከማስወጣታቸው በፊት ለደቂቃዎች ያምጣሉ፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ያለቅሳሉ። ከዚያም የሚወጣው ለስላሳ ከሆነ ሕፃኑ አልደረቀም፤ ሆዱን እየገፋ ከታች መልቀቅን ገና እየተማረ ነው። ይህ በጊዜ ራሱ ይስተካከላል። እንግዲህ «ስንት ቀን ሆነው?» ከማለት ይልቅ «የወጣው ምን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ዓይነ ምድሩ በእርግጥ የጠጠረ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ «በስንት ውኃ ስንት ማንኪያ ትጨምሪያለሽ?» የሚል ይሁን። ዱቄት ሲበዛ ወተቱ ይወፍራል፤ ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ውኃ ያነሰ ያገኛል፤ ሆዱ ይደርቃል። ሲብስም በደሙ ውስጥ ያለው የጨው መጠን ከልክ አልፎ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ «ጠገብ ብሎ እንዲተኛ» ብለው ማንኪያውን ከምረው ይሰፍራሉ፣ ወይም አጥሚት ይቀላቅሉበታል። በተቃራኒው ደግሞ ዱቄት ሲያንስ ወተቱ ይቀጥናል። ሕፃኑ ሆዱ በውኃ ተሞልቶ ይራባል፤ ሳያቋርጥ ያለቅሳል፤ እያለቀሰም አየር ይውጣል፤ ሆዱ ይነፋል። ቤተሰቡ «ሆዱን ነፋው» ብሎ መድኃኒት ይፈልጋል፤ የሕፃኑ ሕመም ግን ረኀብ ነው። መቅጠኑ ከቀጠለ ሕፃኑ ይከሳል፤ ውኃው ከመጠን ሲያልፍም አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል።

ወተቱ የሚቀጥነው በአብዛኛው ከእጥረት የተነሣ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ጨቅላ ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው ወተት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ለዚህ 100 ግራም ያህል ዱቄት ያስፈልጋል። ስለዚህ 400 ግራም የሚይዝ ጣሳ ከ4 ቀን እምብዛም አያልፍም። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሁሉ ሲታሰብ አንድ ሕፃን ወደ 20 ኪሎ ግራም ዱቄት ይፈጃል፤ ይህም ባለ 400 ግራሙ ጣሳ 50 ነው። እንግዲህ አንድ ኮሚቴ በወር አንድ ወይም ሁለት ጣሳ ሰጥቶ «ረድተናል» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ፣ አያቲቱ ጣሳውን ለማቆየት ስትል ወተቱን ታቀጥነዋለች። ከቸርነታችን ጉድለት የመጣውን ልቅሶ የሆድ ነፋስ ያመጣው አድርገን እንዳንቈጥረው እንጠንቀቅ።

አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጡጦውና ጫፉ ወይም ስኒው በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውኃ ይቀቀላል። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ በሆነበት ቤት ሕፃኑን በትንሽ ንጹሕ ስኒ ቀስ እያሉ ማጠጣት ይሻላል። ዱቄቱ በፋብሪካ የታሸገ ቢሆንም ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ አይደለምና ውኃው ይፈላ፤ ከወረደ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ሙቀቱም ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሳይወርድ ይበጥበጥበት። መጀመሪያ ውኃው ይለካል፤ ዱቄቱ ከዚያ ይጨመራል። መለኪያው በዚያው ጣሳ ውስጥ የመጣው ማንኪያ ብቻ ነው፤ የአንዱ ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አይሆንም። ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ ተሰፍሮ አናቱ በንጹሕ ቢላዋ ይስተካከላል። ጣሳው ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ማንኪያ የሚል ከሆነ፣ ለ120 ሚሊ ሊትር 4 የተስተካከለ ማንኪያ ይሆናል። ከዚያም ጡጦውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መፈተን ያስፈልጋል። የተበጠበጠ ወተት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሕፃኑ ጠጥቶ ካስተረፈ ይደፋል። መድፋቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የተረፈውን ማቆየት ተቅማጥ ያመጣል።

ሕፃኑ በሚጠጣበት ጊዜ የሚውጠው አየር ሆዱን ይነፋዋል። ስለዚህ ጡጦው በኃይል ከተናወጠ አረፋው እስኪሰክን ይጠበቅ። ሕፃኑ ቀና ብሎ በክንድ ላይ ይያዝ፤ ጡጦውም የጫፉ ውስጥ በወተት እስኪሞላ ድረስ ያዘንብል። የጫፉ ቀዳዳ በጣም ሲጠብ ሕፃኑ አየር ይስባል፤ በጣም ሲሰፋም እየተጣደፈ ይውጣል። ጡጦውን ደግፎ አስተኝቶ መሄድ የማነቅ አደጋ ስላለው ፈጽሞ አይገባም። በመጠጡ መካከልና በመጨረሻው በትከሻ ላይ አድርጎ ጀርባውን ቀስ ብሎ መታ መታ እያደረጉ ማስገሳት ይጠቅማል። ሲያምጥ ወይም ሲነፋ በጀርባው አስተኝቶ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ማንቀሳቀስ፣ በሞቀ እጅ ሆዱን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ለብ ባለ ውኃም ማጠብ ያሳርፈዋል። ነቅቶ ሳለ ሰው እያየው በሆዱ ማስተኛት ይቻላል፤ ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ።

እዚህ ላይ ካህናት አባቶቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ነገር አለ። ጤነኛ ሕፃን የሚያለቅሰው ልቅሶ ከተወለደ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ እጅግ ይበረታል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥም ይበርዳል። 6ኛው ሳምንት ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከ40ኛው ቀን ጋር ይገናኛል። ሕፃኑን ይዘው የሚመጡት ሰዎች በድካም የዛሉበትና የሰፈሩን ምክር ሁሉ ለመሞከር የተዘጋጁበት ቀን ካህኑ ፊት ለፊት የሚያገኛቸው ቀን ነው። «ልኩን ጠብቁ፤ ክብደቱን በጤና ጣቢያ አስመዝኑ፤ እየጨመረ ከሆነ ይህ ልቅሶ ያልፋል» የሚል ቃል በዚያ ቀን ከካህን አንደበት ቢወጣ ብዙ ቤት ያረጋጋል። ለ80 ቀን ሴት ልጅም እንዲሁ ነው። የክርስትና አባትና እናትም ይህን ይስሙ፤ ኃላፊነታቸው ከዕለቱ ድግስ በኋላም ይቀጥላልና።

ሕፃኑ እንዳይሰጠው የሚገባውንም ግልጽ እናድርግ። ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ ስኳር በጥብጦ መስጠት ለጨቅላ አይገባም። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው በከንፈሩም አይነካ፤ በጨቅላ ሆድ ውስጥ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ሳሙናም ሆነ ሌላ ነገር በመቀመጫው ማስገባት፣ ለአዋቂ የታዘዘ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ጉዳት ያደርሳል። የላም ወተት አንድ ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ አይሁን። ከ6 ወር በፊት አጥሚትና ገንፎ አይጀመር። 6 ወር ሲሞላውና ምግብ ሲጀምር ግን ድርቀት ካስቸገረው የተፈጨ ፓፓያ፣ አትክልትና የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውኃ ይረዱታል።

ስለ ጸበልና ስለ ጾምም ካህናት ቢናገሩ ይሰማሉ። ሕፃን በጸበል መባረኩ ከሕክምና ጋር አይጋጭም፤ ወተቱ የሚበጠበጥበት ውኃ ግን ከየትም ይቀዳ የፈላ መሆን አለበት። በጾም ወራት የወተት ዕቃ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ በመስጋት የሕፃኑን መጠጥ የሚያሳንሱ ቤቶች አሉ። ሕፃን ጾም እንደሌለበት ይነገራቸው፤ የራሱ ዕቃም ይለይለት።

አሁን ደግሞ ምክር ቆሞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ የሚያስፈልግበትን እንወቅ። በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ያላወጣ፣ ሆዱ ተወጥሮ የጠነከረ፣ አረንጓዴ የሚያስመልሰው፣ ዓይነ ምድሩ ደም ያለበት፣ መጥባት እምቢ ያለ፣ የሚያተኩሰው ወይም ከወትሮው የቀዘቀዘ፣ የፈዘዘ፣ ያንዘፈዘፈው፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ በድንገት እየጮኸና እየገረጣ እግሮቹን ወደ ሆዱ የሚሰበስብ ሕፃን ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ክብደቱ የማይጨምር፣ ወይም ልኩ ተስተካክሎለት ድርቀቱ ያልለቀቀው ሕፃንም ሳይዘገይ በባለሙያ ይታይ።

በመጨረሻ የሰበካው ሥራ ምን ይሁን? አንደኛ፣ ከሕፃኑ ጋር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም ጤና ጣቢያውን ሳያገናኙ ጣሳ አለመስጠት። ሁለተኛ፣ መስጠት ከተጀመረ በ4 ቀን አንድ ጣሳ ስሌት እስከ 6 ወር የሚዘልቅ በጀት መያዝ፤ ሰበካው ብቻውን ካልቻለ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከማኅበራትና ከወረዳ ቤተ ክህነት ጋር ተካፍሎ መያዝ። ሦስተኛ፣ ከጣሳው ጋር ሳሙና፣ ማፍያ ድስትና ማገዶ ወይም ከሰል መኖሩን ማረጋገጥ፤ የፈላ ውኃ ነዳጅ ይጠይቃልና። አራተኛ፣ ማንበብ ለማትችል አሳዳጊ የጣሳውን ጽሑፍ ማንበብና ልኩን በእጇ እንድታሳይ ማድረግ፤ የውኃውንም መጠን በጡጦው ላይ በማይለቅ ቀለም ማስመር። አምስተኛ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው ቤቱን እንዲጎበኝ መመደብ። ጎብኚው ጣሳውን አንሥቶ ምን ያህል እንደቀረው ይመልከት። በ4ኛው ቀን ማለቅ የነበረበት ጣሳ በ10ኛው ቀንም ግማሹ ካለ፣ የሕፃኑ ልቅሶ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ወላጅ የሌለውን ልጅ ማሳደግ ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ የያዘችው ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የተስተካከለ ማንኪያም ቦታ አለው። ከዚህ ጉባኤ ወደየሰበካችሁ ስትመለሱ የዱቄት ወተት የሚጠጡትን ሕፃናት ስም መዝግቡ፤ ከስማቸውም አጠገብ ለስንት ቀን የሚሆን ጣሳ እንዳላቸው ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።