«ሳለ» ስለምትባለው ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት ባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ፥ ኮምፒዩተር ሳያይ የፕሮግራም አጻጻፍን ጀምሯል ብንል ማጋነን አይሆንም። ቡሄ ሁልጊዜ ነሐሴ 13 ቀን ነውና ሒሳብ አያሻውም። ፋሲካ ግን ስለሚዘዋወር ደንብ አለው። ይኸውም በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ በ19 ይገደፋል። መግደፍ ማለት ቍጥሩ ከ19 የሚበልጥ ሳለ 19ን መላልሶ መቀነስ ነው። የቀረው መደብ ይባላል፤ ከመደቡ አንድ ሲነሣ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፥ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል። (14 ራሱ ከቶ አይወጣም።)

እኛም ይህን ድሩልስ በተባለው የደንብ ቋንቋ ልንጽፈው ተነሣን። በዚያ ቋንቋ እያንዳንዱ ደንብ «ይህ ሲሆን» እና «ይህን አድርግ» የሚሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። «ዓመት ሲኖር 5500 ደምርበትና አስታውቅ» ብለን ጻፍን። መኪናው ዓመቱ መለወጡን ባየ ቍጥር ደንቡን እንደ አዲስ እያስነሣ 7518፥ 13018፥ 18518 እያለ ገሠገሠ! እኛ «ሳለ» ሳንል እርሱ መደጋገሙን ከራሱ አመጣው። ደንቡ ራሱን እንዳይቀሰቅስ የሚከለክል ምልክት በቋንቋው ውስጥ አለ። ነገር ግን ሁለት ደንቦች እርስ በርሳቸው ቢቀሳቀሱ ያ ምልክት አያድንም። ስለዚህ ዓመተ ዓለሙን በሌላ ስም አስቀመጥነው። ለ2018 ዓ.ም. 395 ጊዜ መቀነሱንም ለደንቦቹ መቀሳቀስ አልተውነውም፤ በአንዱ ደንብ «አድርግ» ክፍል ውስጥ በ«ሳለ» አሰርነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ድምፅ አልነበረውም። «ከ19 የሚበልጥ ሳለ» በማለት ፈንታ «ከ19 የማያንስ ሳለ» ብለን ኖሯል። ብዙውን ዓመት አንዳች ልዩነት የለውም። 2005 ዓ.ም. ሲደርስ ግን 7505 ያለ ቀሪ ተገደፈና መደቡ ዜሮ፥ ወንበሩ ከዜሮ በታች አንድ፥ መጥቅዑም ከዜሮ በታች 19 ሆነ። መኪናው ምንም ሳያፍር ጥቅምት ላይ መደበው። ትክክለኛው መደብ 19፥ ወንበሩ 18፥ መጥቅዑም ጥቅምት 12 ነበር።

በማግሥቱ ዓመት፥ በ2006፥ ወንበሩ በእውነት ዜሮ ነው። ያን ጊዜ መጥቅዕ 30 ይባላል እንጂ ዜሮ አይባልም። ይህን መደጋገም አይፈታውም፤ ራሱን የቻለ ደንብ ጻፍንለት። ካልተጻፈለት መስከረም 30 የሚውለው በዓል ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ጾሙም ፋሲካውም ይፋለሳል።

ይህን ሁሉ አርመን 2018ን መለስን ሰጠነው። መጥቅዕ መስከረም 18፥ ነነዌ ጥር 25፥ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ብሎ መለሰልን።