ሳይሰሙ መፍረድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ዳኛ የሚፈርደው የተከሳሹን ቃል ሰምቶ ነውና፤ ሳይሰሙ መፍረድ ግፍ ነው። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል በሙስሊሞች ላይ የሚታየው ጥላቻም ሥሩ ይኸው ነው፤ ጥቂቶች ያጠፉትን ወደ 2 ቢሊዮን በሚጠጋ ሕዝብ ላይ መጫን።

እንዲህ ያለው ፍርድ ዐይን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሴፕቴምበር 11 ቀን በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ አደጋ በተጣለ በአራተኛው ቀን፤ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት አንድ ነጋዴ በነዳጅ ማደያው ደጅ ቆሞ ሳለ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ጥምጥሙን አይቶ ሙስሊም መስሎት ነበር፤ ሟቹ ግን የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ሙስሊምስ ቢሆን ኖሮ ምን በደል ነበረበት?

እ.ኤ.አ. በ2019 ማርች 15 ቀን ደግሞ በኒው ዚላንድ፤ በክራይስትቸርች ከተማ፤ አንድ ሰው ለጁምዓ ሶላት በተሰበሰቡ ምእመናን ላይ በሁለት መስጊዶች ተኵስ ከፍቶ 51 ሰዎችን ገደለ። የአገሩ ሕዝብ የሰጠው መልስ ግን ትምህርት ይሆነናል። በሳምንቱ ዓርብ በሺሕ የሚቈጠር ሰው በአንደኛው መስጊድ አንጻር ባለው መናፈሻ ተሰብስቦ ከሐዘንተኞቹ ጎን ቆመ፤ አዛኑም በራዲዮና በቴሌቪዥን በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ወር ሳይሞላ ምክር ቤቱ ለእንዲህ ያለ ጥፋት የሚውሉትን አብዛኞቹን ጠመንጃዎች በ119 ድምፅ ከለከለ፤ የተቃወመው 1 ሰው ብቻ ነበር። በ2022ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማርች 15 ቀን በሙስሊሞች ላይ የሚደረገውን ጥላቻ መዋጊያ ዕለት እንዲሆን ወሰነ።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፤ በ7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መንግሥት የመጡትን ሙስሊሞች አሳዳጆቻቸው «መልሱልን» ባሉ ጊዜ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ፤ ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ ተማሪዎች ሕግ አናወጣም። ነገር ግን አንድ ሰው «ሙስሊሞች ሁሉ እንዲህ ናቸው» ሲል፤ ወይም እንዲህ ያለ ወሬ በስልካችን ሲደርሰን፤ ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት «ያደረገው ማን ነው? በምንስ ታወቀ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ወንበር ተቀምጠን የምንማር ነንና፤ ስለ ጎረቤታችን ከሌላ ከምንሰማ ራሱን ብንጠይቀው ይሻላል።