ግግ፣ የወተት ጥርስና የጥርስ ሽቦ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ኮሚቴው ይህን ንግግር እንድናደርግ ያዘዘን ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸውም ልጃችን ጥርሷ ላይ ሽቦ ካሰረች ወዲህ በመንገድም፣ በቡና ላይም፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «ይህ በልጅቷ አፍ ውስጥ ያለው ብረት ምንድን ነው?» ያላለን ጎረቤት የለም። ጌጥ የመሰለው አለ። ወድቃ ጥርሷ ተሰብሮ ነው ያለም አለ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ ለሁሉም አንድ ጊዜ መናገር ይሻላል በማለት ቀረብን። እኛ ባልና ሚስት ሐኪሞች አይደለንም። ሐኪም ቤት ስንመላለስ እየጠየቅን የተማርን ወላጆች ነን። የምንናገረውም ከራሳችን ጥፋት ይጀምራል።

ልጃችን የሰባት ወር ሕፃን ሳለች ተቅማጥና ትውከት ያዛት። አካሏ ጋለ፣ ጡትም አልይዝ አለች። ሊጠይቁን የመጡ ወዳጆች አፏን ከፍተው አዩና «ግግ ነው፣ ይውጣላት» አሉ። እኛም አላመነታንም። በእጇ የታወቀች አንዲት ሴት ተጠርታ መጣችና ድዷን በሹል ነገር ፈልፍላ ነጭ ነገር አውጥታ አሳየችን። «ይኸውላችሁ ትሉ» አለችን። ልጅቷ ስትጮኽ አንዳችን እጇን፣ አንዳችን ራሷን ይዘን ነበር። ተቅማጡ ግን አልቆመም። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ጎድጉዶ፣ እንባዋ ደርቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሮጥን። እዚያ በውሃ የሚበጠበጠውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በማንኪያ እየሰጠን አመሸን፤ ዳነችም። ታዲያ እኛ ምን አልን? «ግግዋ ወጥቶላት ዳነች» አልን! ይህንንም ለብዙ ሰው ተናገርን። ምናልባት ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የእኛን ቃል ሰምቶ የልጁን ግግ ያስወጣ ይኖር ይሆናል። ከሽቦው ይልቅ እዚህ ያቆመን ይህ ሐሳብ ነው።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የላይኛው የግራ ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ከድዷ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። የፊት ጥርሶቿም ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራተው መሐላቸው ተዛነፈ። በትምህርት ቤት ልጆች ስም አወጡላት። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች፤ በኋላም ጭራሹን መሳቅ ተወች። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ አፏን አየ፣ ራጅ አስነሣ፣ ከዚያም ዞር ብሎ «ሕፃን ሳለች ግግ አስወጥታችሁላት ነበር?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። መልስ የሰጠነው ከብዙ ዝምታ በኋላ ነው።

እንግዲህ ግግ የሚባለው ምንድን ነው? ትልም አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ገና ከድድ ሥር ያለ፣ ጊዜውን የሚጠብቅ የወተት ክራንቻ ነው። ያልጠነከረ በመሆኑ ለስላሳና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ትል የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ሕፃናት ጥርስ በሚያበቅሉበት ጊዜ ተቅማጥ የሚበዛባቸው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ጊዜው ስለሚገጥም ነው። ስድስት ወር ግድም ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው የመከላከያ ኃይልም በዚያው ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ተቅማጡን የሚያመጣው በምግቡና በእጁ የሚገባው ተሕዋስ ነው። ጥርሱ ምንም አላደረገም፤ በሰው ወንጀል የሚቀጣ ምስኪን ነው።

ድዱ ሲፈለፈል ደም ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊጋባ ይችላል። ቋሚው ክራንቻ ደግሞ ከወተቱ ክራንቻ ሥር አጠገብ ገና በመሠራት ላይ ያለ ስለሆነ፣ ሹሉ ነገር እሱንም ሊነካው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ቅርጹ ተበላሽቶ፣ ሽፋኑ ሳስቶ ወይም አቅጣጫውን ስቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይወጣም። ከአገራችን ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳት አይተው ጽፈዋል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችንም በጎጂ ልማድ ሕፃናትን የሚጎዳውን ይቀጣል። እኛ ግን ይህን የምንናገረው ማንንም ለማስከሰስ አይደለም። ያቺ ሴት በቅንነት ነው የሠራችው። እኛም በቅንነት ነው የያዝንላት። ቅንነት ግን ጥርስ አይመልስም።

አሁን ወደ ወተት ጥርስ እንምጣ። ብዙዎቻችን «የወተት ጥርስ ያው ይወልቃል፣ ምን ያደርጋል?» እንላለን። የወተት ጥርስ ሃያ ነው፤ ቋሚው ሠላሳ ሁለት። የወተቱ ጥርስ ከማኘክ ሌላ አንድ ትልቅ ሥራ አለው። ቦታ ጠባቂ ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ መቀመጫውን ይዞ ይቆያል። ያለ ጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ይገፉና ቦታውን ይይዙበታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ቡና ገና ሳይቀላ ቢለቀም ምን እንደሚሆን የጅሬን ሰው ማስረዳት አያሻንም። ስለሆነም የልጅ ጥርስ ሲበሰብስ ማስሞላት ከተቻለ ማስሞላት ነው። መነቀሉ ግድ ከሆነም ቦታ መጠበቂያ ይደረግለት እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

አንድ ሌላ ነገር ልብ እንበል። ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ነው ብሎ ችላ ይለዋል። እሱ ግን ቋሚ ነው፤ ከተነቀለ የሚተካው የለም። የአፍ ምሰሶ ማለት እሱ ነው።

ጥርስ የሚጣመመው በግግ ብቻ አይደለም። ከዘር የሚወረስ አለ። የእናቱን ትንሽ መንጋጋና የአባቱን ትልልቅ ጥርስ የወረሰ ልጅ ጥርሱ ይጣበባል። ጣት የመጥባት ልማድ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከቀጠለ የፊት ጥርስን ወደ ውጭ ይገፋል። አፍንጫው ተደፍኖ ዘወትር በአፉ የሚተነፍስ ልጅም የመንጋጋው አስተዳደግ ሊለወጥ ይችላል። በተፈጥሮ የጎደለ ወይም የተረፈ ጥርስ ያለውም አለ።

ቢሆንም ቅሉ ከመስመር የወጣ ጥርስ ሁሉ በሽታ አይደለም። ፍንጭት በአገራችን ውበት ነው፤ የሚዘፈንለት እንጂ የሚታከም አይደለም፣ ባለቤቱ ካልፈለገ በቀር። በስምጥ ሸለቆ፣ በናዝሬትና በዝዋይ በኩል ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ የሚሆነው ደግሞ በውሃው ውስጥ ባለው ብዙ ፍሎራይድ ምክንያት ነው። ለእሱ ሌላ ሕክምና አለው፤ ሽቦ አይፈይደውም። ሽቦ የሚያስፈልገው ጥርሱ ለማኘክ፣ ለመናገር ወይም ለማጽዳት ሲያስቸግር፣ የፊት ጥርስ በጣም ወጥቶ በመውደቅ ለመሰበር ሲጋለጥ፣ ወይም እንደ ልጃችን ሳቅን ሲከለክል ነው። ይህም የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

መቼ እናሳይ? የአሜሪካ የኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር፣ ማለትም የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች ማኅበር፣ ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይታይ ይላል። ይታይ ማለት ግን ሽቦ ይታሰርለት ማለት አይደለም። ለአብዛኞቹ ልጆች ሽቦ የሚታሰረው ቋሚ ጥርሶቹ ከወጡ በኋላ፣ በአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ግድም ነው። አንዳንዱን ግን መንጋጋው ገና ሲያድግ ቶሎ ማቃናት ይቀላል። ለምሳሌ የታችኛው የፊት ጥርስ ከላይኛው ፊት ቀድሞ ሲገጥም፣ ወይም መንጋጋው በአንድ ወገን ተዛንፎ ሲዘጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሽቦው እንዴት ነው የሚሠራው? በየጥርሱ ላይ ትንንሽ መያዣ ይለጠፍና ቀጭን ሽቦ በመያዣዎቹ ውስጥ ያልፋል። ሽቦው ወደ ቀጥታው ለመመለስ ሲታገል ጥርሱን ቀስ ብሎ ይገፋዋል። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተቸነከረ አይደለም። በሚገፋበት ወገን አጥንቱ ይሟሟል፣ በተወው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል። ፍጥነቱ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይፍጠን ተብሎ በኃይል ቢሳብ የጥርሱ ሥር ይጎዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! ስለዚህ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ተመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱም ቀጠሮ አለ። እኛ ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ሁለት ቀጠሮ አሳልፈን ሥራው ወደ ኋላ ተጎተተ። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

ሽቦ ያሰረ ሰው ምግቡን ይመርጣል። ቆሎ፣ የበቆሎ ጥብስ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት መጋጥ የለም። ሙጫ የሚመስል ከረሜላም እንዲሁ። በበላ ቁጥር በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ግድ ነው፤ አለዚያ ሽቦው ሲወጣ ጥርሱ ላይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ጫት በሽቦው መካከል ስለሚሰገሰግ፣ ከላዩ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይም ስለሚጨመር፣ ለጎልማሶች ይህን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈትማ ሽቦ ላለውም ለሌለውም ነውር ነው። ሽቦው ከወጣም በኋላ ማቆያ የሚባል ይደረጋል፤ ካልተደረገ ጥርሱ ወደ ድሮው ቦታው ይመለሳል።

«ለትልቅ ሰውስ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ከሁለታችን ባለቤቲቱ በአርባ አንድ ዓመቷ ይህንኑ ሐኪሙን ጠይቃ ነበር። ዕድሜ አይከለክልም አላት፤ የሚከለክለው የድድና የአጥንት በሽታ ነው። ድድ የሚደማ፣ ጥርስ የሚነቃነቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። የትልቅ ሰው መንጋጋ ማደጉን ስለጨረሰ ግን ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ራሱ መንጋጋው በጣም ከተዛነፈ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

አደራ የምንላችሁ ነገር አለ። ፍንጭትን ለመግጠም ብሎ ሁለቱን የፊት ጥርስ በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ማሰር ክፉ አደጋ ነው። ላስቲኩ ሾልኮ ድድ ውስጥ ይገባና ደህናውን ጥርስ ከሥሩ ነቅሎ ይጥለዋል። ለጌጥ ብቻ ሽቦ የሚለጥፉም ስላሉ ተጠንቀቁ። ሳትጀምሩ የሚሠራውን ሰው ሙያ ጠይቁ። ራጅ ሳያስነሣ የሚጀምረውን አትመኑ። ዋጋውንም ከመጀመሪያው እስከ ማቆያው በአንድነት ጠይቁ። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው በሆኑት በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ ለመጀመሪያው ምርመራ ሩቅ መሄድ አያሻም። የአሰላለፍ ስፔሻሊስቶቹ ግን በአገራችን ጥቂት ናቸው። እነሱን ፍለጋ ጊቤን መሻገር የግድ ሊሆን ይችላልና ከገንዘቡ ጋር መንገዱንም ማሰብ ነው።

በመጨረሻ ለዕድራችን አንድ ልመና አለን። ገንዘብ አይደለም። ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ ደጃችንን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ማለት ደግሞ ዕድር ነው። ያኔ የምንናገራት አንዲት ቃል የልጁን መንገድ ትወስናለች። «ግግ ነው» ካልን ወደ ሹሉ ነገር፣ «ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፣ ጡቱን አትከልክሉት፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ካልን ወደ ሕይወት ይሄዳል። ብዙ ሕፃናትን የሚገድለው ግግ እየተባለ የሚጠፋው ሰዓት ነው። ዳስ መጣል እናውቅበታለን። ዳሱ ሳያስፈልግ የሚቀርበትንም ቃል እንወቅበት።

ልጃችን ሽቦዋን ሊፈቱላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሟ አንድ ነገር ተናግሮ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ እሷም ሳቀች። እጇ አልተነሣም።