ትንሿ ቺፕ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስትገባ



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ወጣ ያለ ነገር አውሪን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ወጥቼ ተመልሼ እዚያው ነው የምገባው። የማወራችሁ ስለ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ በአንዲት ቺፕ ውስጥ ስላለች ትንሽ ኮምፒውተር። ተማሪዎች በሚወዱት አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለችው ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለሥራ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው ያላት። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠፋ ልጆቻችን «እኛው እንሥራው» ማለታቸው ደስ ይላል። እኔም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርሽ?» ይለኛል።

አምና የባዮሜዲካል ተማሪዎች የጨቅላ ሕፃን ማሞቂያ ሠርተው አመጡልኝ። ጠረጴዛ ላይ እንከን የለውም፤ 36.5 ዲግሪ ሲሉት 36.5 ላይ ይቆማል። እኔ የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ነቀልኩት። ማሞቂያው ሙሉ ኃይሉን ለቀቀ! ለምን? የተጠቀሙበት ቴርሚስተር ሲቀዘቅዝ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይጨምራል። ሽቦው ሲነቀል ተቃውሞው ወሰን ያጣል፤ ቺፗም «ሕፃኑ በረዶ ሆኗል» ብላ ታነባለች። ሕፃናት ክፍል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሽቦ የሚነቀለው ነርሷ ዳይፐር ስትቀይር፣ እናትየው ልታጠባ ስታነሳው ነው። በየቀኑ ማለት ነው።

ኮዱን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው ሊኖረው የማይችል ቁጥር ሲነበብ ማሞቂያውን አጥፍቶ መጮህ ነው። ግን ኮድ ብቻውን አይበቃም። ቺፗ እንደገና ስትነሳ እግሮቿ ለአፍታ ምንም ትእዛዝ አይሰጡም፤ ማሞቂያውን የሚከፍተው ትራንዚስተር ያን ጊዜ ይክፈት ይዝጋ በዕድል ነው። አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ቢታሰርለት «ትእዛዝ ከሌለ ዝግ» ይሆናል። ዋጋው ከከረሜላ አይበልጥም። ሪሌይ ከሆነ ደግሞ መገናኛው ሊጣበቅ ይችላል፤ ያኔ ቺፗ «ዝጋ» ብትል የሚሰማት የለም። ስለዚህ ከቺፗ ጋር ምንም የማይነጋገር፣ ሙቀት ሲያልፍ በራሱ መስመሩን የሚቆርጥ ቴርሞስታት የግድ ያስፈልጋል።

ይህን አበዛሽው የምትሉኝ ካላችሁ ቴራክ 25ን አስታውሱ። ማይክሮኮንትሮለር አልነበረም፤ ከእሷ የሚበልጥ ኮምፒውተር የሚያዘው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነው። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከመጠን ያለፈ ጨረር ተቀብለዋል፤ የሞቱም አሉ። ከችግሮቹ አንዱ የአንዲት ባይት ቁጥር ነበረች። በየዙሩ አንድ አንድ እየጨመረች 255 ትደርስና ወደ ዜሮ ትመለሳለች፤ ዜሮ ደግሞ ለፕሮግራሙ «ማጣራት አያስፈልግም» ማለት ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ቴራክ 20 ከሶፍትዌሩ ውጪ የራሱ መከላከያ ነበረው። ቴራክ 25 ላይ ያን ሥራ ለሶፍትዌሩ ተዉለት።

የእኛ ልጆች ቺፕ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሚሊሰከንድ የሚቆጥረው ሰዓቷ 49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ወደ ዜሮ ይመለሳል። «የሚቀጥለው ልኬት በዚህ ሰዓት» ብሎ አስቀድሞ ደምሮ የሚጠብቅ ኮድ ያን ቀን ይዛባል፤ ካሁኑ ሰዓት ያለፈውን ቀንሶ የሚያወዳድር ግን በደህና ይሻገራል። ሁለት ሳምንት የፈተነ ተማሪ ይህን በፍጹም አያየውም። ዋርድ ውስጥ ግን መሣሪያው ወራት ሳይጠፋ ይሠራል።

ዎችዶግ የሚባለውንም እንዳትረሱት። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ቺፗን እንደገና ያስነሳታል። አንዳንዶቹ ይህን «አለሁ» ዋናው ሥራ ቢቆምም በሚቀጥለው በታይመሩ ኢንተራፕት ውስጥ ይጽፉታል። የቫይታል ሳይን ቅጽ ከተረኝነት በፊት ሞልቶ እንደማስቀመጥ ነው፤ ወረቀቱ ያምራል፣ በሽተኛውን ግን ማንም አላየውም። መብራት ሲዋዥቅም እንዲሁ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ቺፗን የሚያቆመው ብራውን አውት መከላከያ ይከፈት። በእኛ ጄኔሬተር ልምድ ይህ ክርክር የሚያሻው አይመስለኝም።

ለፋኩልቲያችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪ የሠራው መሣሪያ ሕሙማን ዘንድ ከመድረሱ በፊት የዋርድ ነርስ፣ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያና ሐኪም አንድ ላይ ተቀምጠው ሽቦውን ይንቀሉ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ሪሌዩን አጣብቀው ይዩ። ከዚያም ያለ ሕፃን 60 ቀን ይሥራ። ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ ሶኬት ብትሰጡን ይበቃል።

የልጆቹ ማሞቂያ አሁን ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት እያሞቀ 31ኛ ቀኑን ይዟል። 50ኛው ቀን ላይ ማየት የምትፈልጉ ንገሩኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።