ገበያ ያልወጣ ሳንቲም



ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው ስላደግነው ነገር ነው። ይኸውም ፲፱፻፷፱ የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸባቸው የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ናቸው። ነገር ግን የማነሣው በታክሲ ረዳት መዳፍ ውስጥ የሚንቃጨለውን ሳይሆን፣ ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የተመታውንና በሙያው ቋንቋ «ፕሩፍ» የሚባለውን የአምስት ሳንቲሞች ስብስብ ነው።

ብዙ ሰው ፕሩፍ ማለት ያላረጀና ያልቆሸሸ ሳንቲም ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ የአሠራር ስም እንጂ የይዞታ ስም አይደለም። ለዕለት ግብይት የሚውለው ሳንቲም በፈጣን ማሽን በአንድ ምት ተመትቶ ከብጤዎቹ ጋር ወደ ማጠራቀሚያ ይወድቃል፤ ሲወድቅም እርስ በርሱ ይፋጫል። ለፕሩፍ ግን ዳይ የምንለው የብረት ማኅተም ራሱ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይወለወላል። ምስሉ የሚወጣበት ጎድጓዳ ክፍል ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ይደረጋል። ገና ያልተመታው ጠፍጣፋ ክብም እንዲሁ ይወለወልና በዝግታ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመትቶ፣ እርስ በርሱ እንዳይነካካ አንድ በአንድ ይነሣል።

ሁለት ጊዜ መመታቱ ለምን አስፈለገ ብላችሁ እንደምትጠይቁ እገምታለሁ። ብረት ሲጨፈለቅ ወደ ጎድጓዳው ይፈስሳል፤ በአንድ ምት ግን እስከ መጨረሻዋ ቀጭን መስመር ድረስ ላይዘልቅ ይችላል። የቀረውን የሚሞላው ሁለተኛው ምት ነው። እንግዲህ ፕሩፍ ሳንቲም ማለት ቀራጩ ያሰበው መስመር ሁሉ የሚታይበት ሳንቲም ማለት ነው።

በዚህ ስብስብ ውስጥ ሦስት ዓይነት ብረት መኖሩ ደግሞ ለእኛ ሙያ ልዩ ጣዕም አለው። በጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ የሚታይበት ባለ አንዱ ሳንቲም አሉሚኒየም ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይቀረጻል፣ በዚያው ልክ በቀላሉ ይጫጫራል። ባለ ወታደሩ አምስትና የደጋ አጋዘን ያለበት አሥር ሳንቲም ናስ ስለሆኑ እርጥበትና የጣት ላብ ያጠቁራቸዋል። ባለ ሃያ አምስቱና ባለ ሃምሳው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፤ ጠንካራ በመሆናቸው ዳዩን ይበላሉ እንጂ እነርሱ ቶሎ አይበሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በሳንቲሞቻችን ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ሳንቲሙ የተመታበትን ዓመት አይነግረንም። ፲፱፻፷፱ የሚለው ቀን ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ የውጭ አገር ማተሚያ ቤቶች ሲመታ ኖሯል። ከዚያ በፊት የነበረው ፲፱፻፴፮ የሚለውም ታሪኩ ይኸው ነበር። በኋላ 1996 ዓ.ም. ተብሎ ከወጡት መካከል ማግኔት የሚስባቸው አሉ፤ ከውስጥ ብረት፣ ከላይ ቅብ ናቸውና። በ፲፱፻፷፱ዎቹ ላይ ግን ማግኔት አይረዳንም። ሰብሳቢዎች የአንዱን ማተሚያ ቤት ሥራ ከሌላው የሚለዩት በአንበሳው አገጭ ላይ ባሉት የጢም ፀጉሮች ነው! በአንዱ ዳይ ፀጉሮቹ እኩል ናቸው፤ በሌላው ሁለቱ ረዝመው ይወጣሉ። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ጽሑፍ በእጁ ለሌለው ሰው ጠቃሚ ማስረጃ ነው። በኪስ የከረመ ሳንቲም ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ይህንኑ ጢም ነው። እኛ መሐንዲሶች መለኪያዎቻችንን የምናስተያይበት ሥራ ላይ የማይውል ዋና መለኪያ እንዳለን ሁሉ፣ ለሳንቲሞቻችን ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ገበያ ያልወጣው ፕሩፍ ነው።

አንድ ዘመዴ ከአባቱ የወረሰውን ስብስብ ለእንግዳ ለማሳየት ብሎ ከሣጥኑ አውጥቶ በሎሚና በአመድ አሸው። ሳንቲሞቹ አብረቀረቁ፤ እርሱም ደስ አለው። በአጉሊ መነጽር ስመለከታቸው ግን መስተዋቱ በሺህ ጭረት ተሸፍኖ ነበር። ይህን የሚመልስ ሙያ የለም፤ እንደገና መወልወል ማለት ተጨማሪ ብረት መላጥ ነውና። ለእርሱ ግን አልነገርኩትም፤ የአባቱ ማስታወሻ ነው።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለስላሳው የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት አሲድ እያወጣ የመዳብ ቅይጦችን አረንጓዴ ያለብሳል። ሳንቲም በዚህ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ካለ፣ በጥጥ ጓንት ከጠርዙ ተይዞ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ ይዛወር። መጥረግ የለም፤ በለስላሳ ጨርቅም ቢሆን።

ከመካከላችሁ ይህ ስብስብ በቤቱ ያለ አባል ካለ ሣጥኑን ሳይከፍት ይንገረኝ። የአንበሳውን ጢም ፎቶግራፍ ለማንሣት አጉሊ መነጽሬን ይዤ ወደ ቤቱ የምመጣው እኔ ነኝ።