እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው የኮምፒዩተር ሀሁ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር ነው። ኢማም በዚህ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረደው ቃል «አንብብ» የሚል መሆኑን ያስታውስ። ዘይድ ኢብኑ ሳቢትም ገና ወጣት ሳለ የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር በነቢዩ ታዞ፣ በ15 ቀን ገደማ እንደያዘው በሐዲስ ተዘግቧል። የሌላውን ሕዝብ ጽሕፈት ለሥራ መማር በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ አጣዳፊ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአገራችን ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ መልሱም በእርሳስ ሳይሆን በማውዝ ነው። ከፀዳ ወደ ጎንደር ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ልጅም በማስታወቂያው ላይ የኮምፒዩተር ችሎታ ሲጠየቅ ያያል። ስለዚህ ልጆቻችን መሣሪያውንና ቋንቋውን፣ ሁለት ሸክም ባንድ ጊዜ ተሸክመዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይታያል። አንዱ «መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ልጨርስ» ማለት ነው። ቋንቋ ተምሮ የጨረሰ ግን የለም። ሁለተኛው የሚነካውን ቦታ በቃል መሸምደድ ነው። «ከላይ ሦስተኛውን ንካ» ብሎ ያጠና ልጅ ሌላ ኮምፒዩተር ሲያገኝ ተራው ይለወጥበታል።

ምሳሌ ልስጥ። ደብዳቤ ጽፋችሁ ልትዘጉ ስትሉ መሣሪያው «ላስቀምጠው ወይ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። «ሴቭ» ቢሉት አስቀምጦ ይዘጋል። «ዶንት ሴቭ» ቢሉት ሳያስቀምጥ ይዘጋል። «ካንስል» ቢሉት መዝጋቱን ትቶ ወደ ጽሑፉ ይመልሳል። ቃሉ ያልገባው ልጅ ሁለተኛውን ቢነካ የቀን ድካሙ ባዶ ቀረ። ያልተቀመጠ ጽሑፍ መብራት ሲጠፋም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው «ኮንትሮል»ን ይዞ «ኤስ»ን መንካት ልማድ ይሁን።

ዘዴው ቀላል ነው። በቀን ሁለት ቃል ብቻ ያዙ። ደብተራችሁን ለሦስት ከፍላችሁ በአንዱ ቃሉን፣ በሁለተኛው የአማርኛ ትርጉሙን፣ በሦስተኛው የሚሠራውን ሥራ ጻፉ። ኦፕን መክፈት፣ ክሎዝ መዝጋት፣ ኮፒ መቅዳት፣ ዴሊት ማጥፋት፣ ፕሪንት ማተም ነው። ፋይል እንደ ወረቀቱ፣ ፎልደር ወረቀቱ እንደሚገባበት አቃፊ ነው። ሐርፍ ስንቆጥር ጮክ ብለን እንዳነበብን፣ ቃሉን እያነበባችሁ ንኩ። በ10 ቀን 20 ቃል ይሆናል፤ በ20 ቃል ደብዳቤ ተጽፎ ይታተማል።

አማርኛችንም ያግዛል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ገብቷል። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች «ኤል» ሲነካ «ል» ይመጣል፤ «ዩ» ሲከተለው «ሉ» ይሆናል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ቢሆኑም፣ የሚጻፉት በዚያው የ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ገበታ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ ጣቱ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይለምዳል።

ወላጆችንና አስተማሪዎችን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አንድ ኮምፒዩተር ለአምስት ልጆች ሲደርስ የሚማረው ማውዙን የያዘው ነው። ብዙ ጊዜም የሚይዘው ጉልበተኛው ወንድ ልጅ ነው፤ ሴት ልጃችን ከኋላ ቆማ ታያለች። ተራ ይደረግ፤ ለእርሷም እኩል ደቂቃ ይሰጣት። ዒልም መፈለግ በእርሷም ላይ ግዴታ ነውና።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።